ከመኪና ግርግር ለሲስተር የተላከ ምስጋና

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና ላይ አጎንብሼ ኖሬአለሁ። መርፌ እንጀራዬ ነው። ሆኖም ጎረቤቴ «ሸዋ በር አካባቢ ራስ ምታትን በአኩፓንክቸር፣ መድኃኒት በሌለው ቀጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየሰካች የምታክም ነርስ አለች» ሲለኝ ሦስት ወር እምቢ አልኩ።

ሕመሙ ከማጅራቴ ይነሣና እንደ ጠባብ ቆብ ጭንቅላቴን ጨምቆ ይይዘኛል። የበዓል ልብስ ሲደራረብብኝ በየቀኑ ማስታገሻ እውጥ ነበር። ሲስተር አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለዚሁ ክኒን ነው። ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ የሰማሁት ከእሷ ነው። ግፊቴን ለካችና ሐኪም አይቶኝ ሌላ ሕመም እንደሌለብኝ ካላረጋገጥኩ እንደማትጀምር ነገረችኝ። ያን ቀን ተቆጥቼ ወጣሁ። ዛሬ ከሁሉ አብልጬ የማከብራት በዚህ ነው።

መርፌዎቹን ከታሸጉበት ዓይኔ እያየ አወጣቻቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶባቸው የሚጣሉ፣ ከእኔ የእጅ መርፌ እጅግ የቀጠኑ፣ ሲነኳቸው የሚለመጡ ናቸው። አንዷን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል፣ ሌላዋን ከጉልበቴ አራት ጣት ወረድ ብላ ሰካች። የተሰማኝ መወጋት ሳይሆን ክብደት ነው፤ ሰው በጣቱ ውስጥ ውስጡን የሚጫነኝ ያህል። ጥቂት ቆይቶ ሁልጊዜ የሚቀዘቅዙት እጆቼ ሞቁ፣ ሆዴም በኃይል ጮኸ። አፍሬ ይቅርታ ስጠይቃት «ጋሼ፣ ደስ ይበልዎት እንጂ! ሰውነትዎ ዕረፍት ላይ ነው» አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። ሳናዘው የሚሠራው የነርቭ ሥርዓታችን ሁለት ወገን አለው፦ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ለድንጋጤና ለሩጫ ያዘጋጀናል፣ ልብ ያስመታል፣ የእጅና የእግርን ደም ሥር ያጠብባል። ፓራሲምፓቴቲክ ደግሞ ልብን ያረጋጋል፣ ሆድን ያሠራል፤ ዋናው መንገዱም ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በወጣ ጥናት፣ አይጦች የኋላ እግራቸው ላይ፣ ያችው ከጉልበቴ በታች የተሰካችብኝ ነጥብ በምትገኝበት ቦታ፣ መርፌ ተሰክቶ ቀላል ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት መልእክቱ በቬገስ በኩል ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ደርሶ የሰውነትን መቆጣት ቀንሷል። ሆዳቸው ላይ ሲሰካ ግን ይህ አልሆነም። አንጎልም ሰውነት ላይ መርፌ ሲሰካ ኢንዶርፊን የተባለውን የራሱን ማስታገሻ ያመነጫል። ይህን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ ደግሞ፣ በዘፈቀደ ቦታ ተሰክቶላቸውም የሚሻላቸው ሰዎች በጥናት እንደታዩ አልደበቀችኝም። እውነቱን እንዲህ ገልጦ የሚነግር ባለሙያ ስንት አለ?

የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 እንደ እኔ ያለውን ራስ ምታት ለመከላከል ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ እስከ አሥር ጊዜ እንዲሞከር መክሯል። እሷም በዚሁ ልክ ሠራችልኝ፤ አንድም ቀን ተጨማሪ ና አላለችኝም። በየቀኑ ያመኝ የነበረው አሁን በወር አንዴ ቢመጣ ነው፣ ክኒኑንም ትቻለሁ።

የምትሄዱ ሰዎች ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ፣ ያዞራል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁና ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ አስቀድማችሁ ንገሯት። አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። የሥራ ጋዋንሽ እጅጌው መተርተሩን አይቻለሁ፤ ልክሽን ላኪልኝና አዲስ ልስፋልሽ።