ውሻ ለማንሸራሸር፦ ሰንሰለት፣ የሱቅ የደረት ቀበቶ ወይስ የጫማ ሰፊ ሥራ?

ለገጣፎ በእኛ ሰፈር ውሻ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። ቡቺን ይዤ ስወጣ ያየኝ ጎረቤት ሁሉ የደረት ቀበቶውን እያየ «ይሄን ከየት ገዛኸው?» ይለኛል። አልተገዛም፣ ተሰፍቶ ነው።

ሰንሰለት እኔ በ500 ብር ነበር የገዛሁት። ውሻ አያኝከውም፣ አይበጥሰውም። ግቢ ውስጥ ለማሰር ይሁን፤ ለመንገድ ግን አልመክርም። ድንገት ሲስብ መዳፍ ይልጣል። አንገት ላይ ብቻ ስለሚታሰርም የሚጎትት ውሻን ጉሮሮ ያንቃል። ቡቺ እያሳለው ነበር የሚሄደው።

ከዚያ የሱቁን የደረት ቀበቶ ገዛሁ። 1,800 ብለውኝ በ1,400 ተስማማን። የውጭ ስም ተለጥፎበታል እንጂ ኮፒ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጀሪካን የጫኑ አህዮች ሲያልፉ ቡቺ ተወረወረ። ቀጭ! የፕላስቲኩ ዘለበት ጥርስ ከሥሩ ተቀንጥሶ ባዶ ቀበቶ እጄ ላይ ቀረ። ቡቺ የተረፈው አንድ ሲኖትራክ ፍሬን ስለያዘለት ነው። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር ቤት የገባሁት። ሻጩ «ተጠቅመህበታል» ብሎ አልለውጥም አለ።

የግድ ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ማሰሪያው የሚገባበትን የብረት ቀለበት አገላብጡት። ጫፍና ጫፉ ካልተበየደ ሲሳብ ይከፈታል። ቀለበቱ ሥር ያለው ስፌት አንድ መስመር ብቻ ከሆነም ተዉት።

አሁን የምጠቀምበት ከአሮጌ የመኪና ወንበር ቀበቶ የተሠራ ነው። ቀበቶውን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ በ300 ብር አገኘሁ። ጠርዙ የተተለተለ እንዳይሰጧችሁ ዘርግታችሁ እዩት። የብረት ዘለበትና ሁለት የተበየዱ ቀለበቶች 250 ወጣባቸው፤ የጫማ ሰፊው የእጅ ዋጋ 400። ድምሩ 950 ነው። ከኮፒው 450 ብር ይረክሳል!

ሰውየው በወፍራም ናይለን ክር ቀለበቶቹ ሥር አራት ማዕዘን ሰፋና መሃሉን በኤክስ አጠበቀው። ብብቱን እንዳይፍቀው ከውስጥ ለስላሳ ቆዳ ለበጠለት። ክረምት ጭቃ ሲጠጣ በሳሙና አጥቤ አሰጣዋለሁ።

ከማሰፋታችሁ በፊት ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በክር ለኩ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ትርፍ ጨምሩበት። ለቡችላ ግን አታሰፉ፣ ቶሎ ይጠበዋል፤ እስኪያድግ ርካሽ ይበቃዋል።

የኔው ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር አንድ ጎኑ ክሩ ላልቶ ወሰድኩት። ጫማ ሰፊው ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩት ደገመልኝ፤ 50 ብር።