ባትሪ መቀየር፣ ያገለገለ አይፎን ወይስ አዲስ ርካሽ አንድሮይድ?

«ስልኬ ቻርጅ አልይዝ አለ፤ ሌላ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከጓደኛም ከዘመድም አያልቅም። ስክሪኑና ቦርዱ (የስልኩ ዋና የውስጥ ሰሌዳ) ደህና ከሆኑ መልሱ አንድ ነው፦ አትግዙ፣ ባትሪ ቀይሩ።

ከዋጋው እንጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። 150 ዶላር የሚያወጣ ቀፎ ያኔ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር 8,550 ብር ነው። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ያው ቀፎ፣ ምንም ሳይሻሻል፣ 18,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ዋጋውን ለወር አካፍሉት። ለስሌት ያህል፣ በ18,000 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት የሚያገለግል አዲስ ስልክ በወር 750 ብር ይበላል። በ36,000 ብር ተገዝቶ አራት ዓመት የሚቆይ ያገለገለ አይፎንም ያው 750 ነው፤ መሀል ላይ የሚቀየረው ባትሪ ሳይቆጠር። የእጃችሁ ስልክ ግን ለባትሪ 4,500 ብር ወጥቶበት ዓመት ተኩል ቢቆይ በወር 250 ብር ብቻ ነው።

አፕልም ይህን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር ሲያወርድ ብዙ ሰው አሮጌውን ይዞ ቆየ። የዚያን ጊዜ የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ለባለአክሲዮኖች በጻፈው ደብዳቤ አይፎን የሚቀይረው ሰው ለመቀነሱ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ካሜራ ሲከፈት 30 በመቶ ላይ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ስልክ ብዙ ጊዜ ባትሪው ነው ያረጀው፤ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወርዳል። አይፎን ላይ ባትሪ ሄልዝ (ባትሪው ከአዲስነቱ አንጻር የቀረው አቅም) ከ80 በመቶ ሲወርድ መቀየሪያው ደርሷል። ኮፒ ባትሪ የሚታወቀው በተጋነነ ቁጥሩ ነው። የአይፎን 11 ኦሪጅናል ባትሪ 3,110 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ በዚያው መጠን 4,000 የተጻፈበትን አትቀበሉ። ስልኩን ከ25 በመቶ በታች አውርዳችሁ ውሰዱና ጠጋኙ ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። ባትሪውን የያዘው ማጣበቂያ ከተበጠሰ በብረት መፈልፈል ባትሪውን ሊበሳውና እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ አልኮልና ፕላስቲክ ይጠቀም። ብሎኖቹን እንደየቦታቸው ካልለያየ ደግሞ ረጅሙ በአጭሩ ቀዳዳ ገብቶ ቦርዱን ይቆርጠዋል፤ ያኔ የባትሪ ሥራ የነበረው የቦርድ ሥራ ይሆናል። የስክሪኑ ዙሪያ ማጣበቂያ አዲስ ካልተደረገ ውኃ ይገባል።

አዲሱ ርካሽ አንድሮይድ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ካርቶኑ ላይ «8 ጊጋ ራም» ተብሎ በትንሹ «4+4» ከተጻፈ እውነተኛው ራም (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 4 ነው። ቀሪው ከማከማቻው የተበደረ ነው፤ የርካሽ ስልኮች ማከማቻ ደግሞ ቀርፋፋ ስለሆነ ፎቶና ቪዲዮ ሲሞላው ስልኩ ይንቀራፈፋል። የግድ አዲስ ከሆነ የዝማኔውን (የአፕዴቱን) ዘመን ጠይቁ፦ ጋላክሲ ኤ16 የስድስት ዓመት የደኅንነት ዝማኔ ተስፋ ይዞ የወጣ ስለሆነ ትንሽ ቢጨመርበት ያዋጣል።

ያገለገለ አይፎን የምትገዙ፣ ባትሪ ሄልዝ 100 ስላሳየ አትመኑ። የድሮው ባትሪ የራሱ ትንሽ ቦርድ ተነቅሎ በኮፒው ላይ ይበየዳል፤ ቁጥሩንም በመሣሪያ ማስተካከል ይቻላል። ሴቲንግ፣ ጄነራል፣ አባውት ግቡ፤ ከአይፎን 11 ጀምሮ ባሉት ላይ ስክሪኑ ኦሪጅናል ካልሆነ «አንኖውን ፓርት» (ያልታወቀ ዕቃ) የሚል ይወጣል። የስክሪኑን ቀለም ከአካባቢው ብርሃን ጋር የሚያስማማው ትሩ ቶን የሚለው ማብሪያ ከጠፋም ስክሪኑ ተነክቷል ማለት ነው። እዚያው ገጽ ላይ ካሪየር ሎክ (ስልኩ በአንድ ቴሌኮም መቆለፉን የሚያሳየው) «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ማለት አለበት። ከዚያ ሻጩ ፊታችሁ ሁሉንም አጥፍቶ በኢንተርኔት እንደ አዲስ ያስነሳው፤ የቀድሞ ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ብሩን ሳታወጡ ውጡ። አይፎን ኤክስ የአይፎን ሥርዓተ ክወና በሆነው አይኦኤስ 16 ላይ ስለቆመ በምንም ዋጋ አይገዛ፤ ከ11 በታች አትውረዱ።

ከአሜሪካ ዘመድ የምታስልኩ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ የሲም ማስገቢያ የላቸውም። ቁጥራችሁን ወደ ኢሲም (ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ፣ ካርድ የማይገባበት ሲም) ሳታስቀይሩ አይደውሉም።