ለጀማሪ የካንሰር ተመራማሪዎች የተዘጋጀ የሁለት ሳምንት ሥልጠና፣ ከሠልጣኝ ዓይን

የካንሰር ሥነ ሕይወትንና የኮምፒዩተር ትንተናን አጣምሮ የሚያስተምር የበይነ መረብ ሥልጠና በቅርቡ አጠናቅቄአለሁ። ትልቁ ጥንካሬው የመለማመጃ መረጃው እውነተኛ መሆኑ ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተጀመረውና 33 የካንሰር ዓይነቶችን ከሚሸፍነው የካንሰር ጂኖም አትላስ (ከሕሙማን ናሙና የተገኘ የካንሰር የዘር መረጃ ክምችት) ተወስዶ፣ በግማሽ ያህሉ የሰው ካንሰር ውስጥ ተለውጦ የሚገኘውን ቲፒ53 የተባለ ጂን በራሳችን እጅ ፈልገን እንድናገኝ ተደርጓል።

ከሁሉ የገረመኝ አሠልጣኟ የጂኖችን ሰንጠረዥ በኤክሴል ከፍተው «ማርች1» የተባለው የጂን ስም፣ ማርች በእንግሊዝኛ የወር ስም በመሆኑ፣ ማንም ሳይነካው ወደ ቀንና ወር ሲለወጥ ያሳዩበት ቅጽበት ነው። በዚህ ችግር የተነሣ የጂን ስያሜ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2020 «ማርችኤፍ1» የሚል ምትክ ስም ማውጣቱን ሲነግሩን፣ የራሴን የቆየ ፋይል ከፍቼ ማጣራት ጀመርኩ፤ ሁለት መስመር ተበላሽቶ አገኘሁት።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ሥልጠናው «ለጀማሪዎች» ቢባልም አር የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የሚያሳልፈው ሶፍትዌር በመጫን ነው፤ ለጥያቄ የተመደበው ጊዜም እጅግ አጭር ነበር። የአትላሱ ናሙናዎች በአብዛኛው ከአውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ሕሙማን የተወሰዱ መሆናቸው በመጨረሻው ቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ተነሥቶ ማለፉ ደግሞ፣ ውጤቱን አፍሪካ ውስጥ ልንጠቀምበት ለምናስብ ሠልጣኞች ቅር የሚያሰኝ ነው።