ልጄን ከሩቅ ላዳመጠችልኝ አዋላጅ ነርስ

ልጄ ጥቂት በተኛችበት በዚህ ሰዓት ይህን የምጽፈው፣ እኔ ቤቴ ተኝቼ እርሷ ከሥራ ቦታዋ ሆና የፅንሱን የልብ ምት ሆዴ ላይ በማስረው መሣሪያና በሞባይል ስልክ ስትከታተልልኝ ለነበረችው አዋላጅ ነርስ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው። የደም ግፊቴ ከፍ በማለቱ ክትትሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲሆን ታዝዞልኝ ነበር።

ወደ እርሷ ከመድረሴ በፊት የደረሰብኝን ካልተናገርኩ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ ቦታ ተመሳሳይ መሣሪያ ተሰጥቶኝ ነበር። አንድ ቀን የልጄ እንቅስቃሴ እንደ ቀነሰብኝ ለማሳወቅ ብደውል፣ ያነጋገረኝ ሰው «ስልኩ አረንጓዴ ካሳየ ምን ያስጨንቅሻል?» ብሎ፣ ነገሬን እንኳ ሳልጨርስ ዘጋብኝ። የተሸከምኩት እኔ ሆኜ ሳለ ቃሌ ከአንድ የመብራት ቀለም አንሶ መቆጠሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚህች አዋላጅ ጋር የተገናኘነውም በዚያው ዕለት ሌላ ቦታ ሄጄ ስመረመር ነው።

አንድ ምሽት እንዳስተማረችኝ መሣሪያውን ሆዴ ላይ በቀበቶ አስሬ ጋደም አልኩ። የፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ እንደሚመታ ነግራኝ ስለነበር፣ ስልኩ 92 ብሎ በቀይ ሲያስጠነቅቅ ጉልበቴ ከዳኝ። ቁጥሩ እርሷም ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ እኔ ሳልደውል ደወለችልኝ። «አይዞሽ እህቴ፤ ጣትሽን የእጅሽ አንጓ ላይ አድርጊና ጮክ ብለሽ ቁጠሪልኝ» አለችኝ። ቆጠርኩ፤ ከስልኩ ቁጥር ጋር ገጠመ። ለካ መሣሪያው የያዘው የልጄን ሳይሆን የራሴን የልብ ትርታ ነው! በግራ ጎኔ እንድተኛ፣ መሣሪያውንም ቀስ እያልኩ ወደ ታች እንድገፋው መራችኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ጥድፊያ ያለበት ትርታ ተሰማ፤ 141።

በዚህም አላበቃችም። ለ20 ደቂቃ ያህል አብራኝ ስትከታተል ቆይታ፣ «ስልኩ ደህና ነው ቢልሽም እንቅስቃሴው ከቀነሰብሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ተነሥተሽ ነይ» አለችኝ። ስልኩ የልብ ምቱን አንብቦ እንዴት እንደሚፈርድ ዛሬም አይገባኝም። በኋላ እንደ ነገረችኝ ግን ስሕተቱ በተቃራኒውም ሊሆን ይችላል፤ የእናት ልብ ፈጥኖ ሲመታ መሣሪያው የፅንሱ መስሎት አረንጓዴ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ስሰማ ያ በስልክ የዘጋብኝ ሰው ትዝ አለኝና ዘገነነኝ።

እንዲህ ያለ ክትትል የታዘዘላችሁ እናቶች፣ ስለ ስልኩ ዓይነት ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጥሩን ማን እንደሚያነበው፣ ሌሊት ስትደውሉስ ማን እንደሚያነሣ ጠይቁ፤ እባካችሁ ጠይቁ። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለ ለመነችኝ እዚህ አልጻፍኩትም፤ በግል ለምትጠይቁኝ ግን ያለ ምንም ማቅማማት ወደ እርሷ እመራችኋለሁ።

ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽ እጅግ አድርጌ አመሰግንሻለሁ። ያቺ 141 ነቅታ ማልቀስ ጀምራለችና እዚህ ላይ ላቁም።