«አልቋል» ማለት የሚያውቁበት ምሳ ቤት

አራት ኪሎ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አንዲት የጾም ምግብ ቤት አለች። ረቡዕና አርብ ምሳዬን የምበላው እዚያ ነው። ምግባቸው ይጣፍጣል፤ እኔን የያዘኝ ግን «አልቋል» አባባላቸው ነው።

ገና ወንበር ስስብ አስተናጋጇ ትመጣና «ጋሼ፣ ሱፍ አልቋል፤ ተጋቢኖ አለ፣ ጎመኑም ለሁለት ሰው ይሆናል» ትለኛለች። አለቀ ደቀቀ! በምን እናደዳለሁ?

ድሮ የምሄድበት ቤት ግን ትዕዛዝ ተቀብለው፣ እጅ አስታጥበው፣ ግማሽ ሰዓት አስጠብቀው ነበር «ይቅርታ፣ አልቋል» የሚሉት። ሜኑው ላይ ያለውን የጾም ዱለትማ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። እሱ እኮ «የለም» ነው የሚባለው። ለማለቅ መጀመሪያ መኖር አለበት፤ ምናለ ቃሉን ባያስዋሹት?

ለዚህ ነገር አማርኛችን ቃል አላነሰውም። ገበያው ላይ ስናጣ «ዘይት ጠፋ» እንላለን፤ መጋዘን ውስጥ ሞልቶም ሊሆን ይችላል፣ ብቻ እኛ ጋ አልደረሰም። ላም ወተት ስታቆም ወይም ምንጭ ሲደርቅ «ነጠፈ» ነው። «ተሟጠጠ» ሲባል ደግሞ ጭልፋው የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ ይሰማኛል፤ ወር መጨረሻ ላይ ስለ ኪሳችንም የምንለው እሱኑ ነው። «አልቋል» ምግብ ቤት ውስጥ ሲባል ግን ዛሬ ተሠርቶ ነበር፣ ተበላ፣ ነገ ይሠራል ማለት ነው። ደስ ይለኛል።

ሱፉ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ተጣርቶ ነው የሚቀርበው። ሰው በዛ ብለው ውሃ ቢያበዙበት ምላስ ወዲያው ያውቃል። እነዚህ አያደርጉትም፤ ሲያልቅ አልቋል ይላሉ። ተጋቢኖው ሲታዘዝ ስለሚሠራ ዘግይቶ ለመጣም አለ፣ ከነሸክላው እየተንተከተከ ይመጣል።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ባለፈው አርብ ጭማሪ እንጀራ ስጠይቅ «አልቋል» አሉኝ፣ ወጡ ገና ግማሽ ነበር። ስቀመጥ ሱፉን እንደነገሩኝ እንጀራውንም ቢነግሩኝ አብቃቅቼ እበላ ነበር። ለባለቤቷ ነግሬያታለሁ፣ በጥሞና ሰምታኛለች።

ሱፍ የምትፈልጉ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ።