ለኮምቦልቻ–ደሴ ዳገት የትኛው ውድድር ይሻላል?

ደሴ ላይ የመኪና ውድድር ወሬ ከተነሳ ከኮምቦልቻ ሽቅብ የሚጠማዘዘው መንገድ መጠቀሱ አይቀርም። በየትኛው ስልት ይሁን ግን?

አንደኛው የአሜሪካዋ ከተማ የዋትኪንስ ግሌን ነው። በአውሮፓውያኑ 1948 የሕግ ተማሪው ካሜሮን አርጌትሲንገር በኒው ዮርክ ግዛት አማተር ነጂዎችን 10.6 ኪሎ ሜትር በሚሆን የሕዝብ መንገድ ላይ አሽቀዳደመ። መኪኖቹ አብረው ተነስተው ከተማዋን ሰንጥቀው ይዞራሉ፤ ሕዝቡም እዚያው ዳር ቆሞ ያያል። በ1952 አንድ መኪና ተመልካቾችን ገጭቶ አንድ ልጅ ገደለ፤ ውድድሩም ከመሀል ከተማ ወጣ።

ሁለተኛው ከ1916 ጀምሮ የሚታወቀው የአሜሪካው ኮሎራዶ ግዛት የፓይክስ ፒክ ተራራ ውድድር ነው፦ 20 ኪሎ ሜትር ዳገት፣ 156 ኩርባ፣ መኪኖቹ በየተራ ይነሳሉ፤ ተፎካካሪያቸው ሰዓት ብቻ። እርግጥ ለተመልካች ቀዝቀዝ ይላል፤ የውድድር ግማሽ ደስታው መቀዳደሙ ነውና። እኔ ግን ይህንኑ እመርጣለሁ፤ 600 ሜትር ገደማ በሚያሻቅብ ገደላማ መንገድ ላይ ማን ጎን ለጎን ይነዳል?