በአየርላንዷ ኮርክ ከተማ ግማሽ ቀን ካለዎት፦ ብላርኒ ግንብ ወይስ ግሉክስማን ጋለሪ?

ብላርኒ፦ ከኮርክ ከተማ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መግቢያው ይከፈልበታል። እ.ኤ.አ. በ1446 የተሠራው ይህ የማካርቲ ጎሣ ግንብ ጣሪያ የለውም። ጠመዝማዛው የድንጋይ ደረጃ ጠባብ ስለሆነ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይከብዳል። የሳመው አንደበተ ርቱዕ ይሆናል የሚባልለትን ዝነኛ ድንጋይ ለመሳም በጀርባ ተንጋልሎ፣ የብረት መያዣ ጨብጦ፣ አንገትን ወደ ታች መዘቅዘቅ ነው፤ ኪስዎን አስቀድመው ባዶ ያድርጉ። በሐምሌና በነሐሴ እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ያሰለቻል፤ በር ሲከፈት መድረስ ይሻላል።

ግሉክስማን (የሥነ ጥበብ ማሳያ፣ እ.ኤ.አ. 2004)፦ ኮርክ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ሊ ወንዝ ዳር ነው። መግቢያው ነጻ፣ ሊፍት ያለው፣ ሰኞ ዝግ። በእንጨት የተለበጠው አካሉ ዛፎቹ መሃል ከፍ ብሏል። የወንዙ ቅርበት ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ጎርፍ ምድር ቤቱን ሞልቶ የሥዕል ክምችቱን ጎድቷል።

ዝናብ ከያዘ ወይም ሕፃን በጋሪ ካለ ግሉክስማን፤ ሰማዩ ጠርቶ ጉልበትም ካለ ብላርኒ።